ጎርጎራን በብስክሌት

«እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ ብስክሌት ጭነሽ ጀልባ ላይ ልትወጪ? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ ልጄ።

ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ። ግን የባሕር ዳር ሰው ነኝ። ከተማችን ሜዳ ነው፤ ተማሪውም ሠራተኛውም፣ ሴቱም ወንዱም ብስክሌት ይነዳል። እኔም ሥራ ላይ ሳለሁ ነጭ ጋወኔን በፌስታል ጠቅልዬ ከኋላ እያሰርኩ ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው። ስልሳ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል፣ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ ያመኛል፣ ብስክሌት ላይ ግን አያመኝም። ሐኪሞቹም ለጉልበት ከመራመድ መንዳት ይሻላል ይላሉ። ስለዚህ በጥር ወር 2006 ዓ.ም ብስክሌቴን ይዤ ወደ ጎርጎራ ተጓዝኩ።

ከባሕር ዳር ጎርጎራ በመኪና መሄድ ይቻላል፤ በጎንደር በኩል ዞሮ ማለት ነው። በጀልባ ግን ያኔ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። ጣናነሽ እሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ተነስታ ሌሊቱን ቁንዝላ አድራ ሰኞ ወደ ማታው ጎርጎራ ትደርስ ነበር፤ ሐሙስ ማለዳ ደግሞ ትመለስ ነበር። በመሀል ያሉት ማክሰኞና ረቡዕ የኔ ናቸው ብዬ ነው የተነሳሁት።

ብስክሌቴን ከቆርቆሮና ከሳሙና ካርቶን መሀል በገመድ አሰሩልኝ። ጫኙ ልጅ ጎማውን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ «እትዬ፣ ለልጅ ልጅ ነው?» ሲለኝ «ለራሴ ነው» አልኩት። ሳቀ፤ ነገሩን ግን እየዞረ ለሁሉም ስለነገረ ገና ዘጌ ሳንደርስ ተሳፋሪው በሙሉ አወቀኝ።

ጣና ከመሬት ሲያዩትና ከላዩ ሆነው ሲያዩት አንድ አይደለም። ሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን ውኃ ነው፤ መሀሉ ላይ ሲደርሱ ዳርቻው ይጠፋል። ስፋቱ ይህን ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ የጠለቀው ቦታ አሥራ አምስት ሜትር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ነፋስ ሲነሳ ቶሎ የሚናወጠው። ጠዋት እንደ መስተዋት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣና ቆርቆሮው ሁሉ መንኳኳት ጀመረ። አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ ደቅ ድረስ ስመ ሥላሴን ሲደግሙ ነበር።

ደቅ ሲደረስ ጀልባው ገበያ ይሆናል። ማንጎ ይወጣል፣ ጌሾ ይወጣል፣ በግ ይገባል፣ ከባሕር ዳር የተላከ መድኃኒት በእጅ ይቀበሉታል። በደሴቷ ዳር እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። ፊት ለፊት ያለችው ዳጋ እስጢፋኖስ ግን ሴት አታስገባም፤ የአፄ ፋሲል አስከሬን ያለው እዚያ ነው፣ እኔ በሩቁ ተሳልሜ አለፍኩ። ቱሪስቱ የሚያየው እነዚህን ነው። ደሴተኛው ግን ይህን ጀልባ የሚጠብቀው ጨው፣ ጋዝ፣ ደብተርና ሐኪም ፈልጎ ነው። ከእኛ ጋር ከደቅ የገባ አንድ ሰውዬ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ነበር። ፈትቼ አየሁለት፤ ማጭድ ቆርጦት ሦስት ቀን ሆኖታል። «ለምን ቆየህ?» ልለው አፌ ላይ ደረሰና ተውኩት። ይህን ጥያቄ ለምን እንደተውኩት ወደኋላ እናገራለሁ።

ቁንዝላ ላይ ያደርኩት አንዲት ሴትዮ በምታከራየው ክፍል ነው። አጎበሬን ከቤት ይዤ ነበር፤ እናንተም ብትሄዱ ያዙ። ሐይቅ ዳር አንድ ሌሊት ቀላል አይምሰላችሁ። ሰኞ ደልጊ ላይ ጤፍና ዳጉሳ ሲጫን ብዙ ቆየን። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን የጎርጎራ ዛፎች ታዩ።

ጎርጎራ ትንሽ ናት። ወደቡን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ከዚህ ወደ ጎንደር ዕቃ ለማመላለስ ሠሩት፤ ከበላይ ጉብታው ላይ ያቆሙት የድንጋይ ሐውልትም እስከ ዛሬ አለ። ማክሰኞ ጠዋት ወጥቼ ከወደቡ እስከ ከተማው ጫፍ በብስክሌት ስሄድ ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ያውም ሦስት ጊዜ ቆሜ ሰላምታ ተለዋውጬ። ትልልቅ ዋርካዎች መንገዱን ያጠሉታል። ዳር ላይ ሰዎች ደንገል እያሰሩ ታንኳ ይሠራሉ። ደንገሉን አድርቀው፣ ነዶ ነዶ አድርገው ይጠፍሩታል፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ቶሎ ያልቃል፣ ሌላ ይሠራል። አንዱ ታንኳ ሠሪ ብስክሌቴን አይቶ «ይሄስ አይሰምጥም?» አለኝ። «ካልነዱት ይወድቃል» አልኩት። «ታንኳም ያው ነው» አለ።

ልጆቹ ነገር ናቸው። «እማማ፣ ይወድቃሉ!» እያሉ ከኋላዬ ይሮጣሉ፤ ዳገቱ ላይ ደግሞ ሳይጠየቁ ይገፉልኛል። አንዱን በወንበሩ ላይ አስቀምጬ ሳስነዳው ሌሎቹ ተራ ያዙ፣ ግማሽ ቀኔ በዚያ አለቀ። ውኃው ውስጥ እየገቡ ሲራጩ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ጣና ዳር ብልሃርዚያ አለ፤ ቀንድ አውጣው ካለበት ጥልቅ ያልሆነ ውኃ ውስጥ ሲቆሙ ትሉ በቆዳ ይገባል። ነገርኳቸው። «እሺ» አሉና ገቡ። ከአሥር ዓመት ልጅ ጋር ክርክር የትም አያደርስም፤ አርባ ዓመት ሞክሬዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደብረ ሲና ማርያምን ተሳለምኩ። ከወደቡ በእግርም ቅርብ ናት። ክብ ናት፣ ጣሪያዋ ሣር ነው፤ በአፄ አምደ ጽዮን ዘመን ተመሠረተች ይባላል። የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው፣ ያሣለችውም የአፄ ፋሲል እኅት መለኮታዊት ናት ይላሉ። ቀይና ቢጫው እስከ ዛሬ ሞቅ ያለ ነው። ያሳዩኝ አባት ብስክሌቴን ዛፍ ሥር አቁመው ራሳቸው ጠበቁልኝ።

የአፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ፣ ማርያም ግምብ የሚሉት፣ ከከተማው ወጣ ባለው ባሕረ ገብ መሬት ላይ ነው። እዚያ መሄድ ፈልጌ ነበር። ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈው ሰው፣ በ1622 እ.ኤ.አ. የሞተው ጎርጎራ ነው። ንጉሡ ሃይማኖታቸውን ለውጠው አገሩ ሲታመስ፣ በ1632 እ.ኤ.አ. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲል ደግሞ ጎንደርን ቆረቆሩ። እዚያ በጀልባ ይሻላል፣ መንገዱ ለብስክሌት አይሆንም አሉኝ። አንድ ቀን ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ ያቺን ቀን ለሌላ ነገር ነው የፈለግኳት።

እውነቱን ልናገርና፣ ጎርጎራ የሄድኩት ለሽርሽር ብቻ አይደለም።

እኔ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ልጅ ነኝ፤ በ1966 ዓ.ም በኮሚዩኒቲ ነርስነት ዲፕሎማ ተመረቅኩ። ኮሌጁ በ1947 ዓ.ም ጎንደር ላይ እንዲከፈት ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ በዚያ ሰሞን ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር፤ መምህሮቻችን ይህን ሳይነግሩን አይውሉም። ለልምምድ ቆላ ድባ ወረድን፣ ከዚያም ስመረቅ ሐይቁ አካባቢ ከነበሩት ትንንሽ ክሊኒኮች ወደ አንዱ ተመደብኩ። የክሊኒኩን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም።

ጥቅምት 1967 ነው። ጥቅምት በደምቢያ የንዳድ ወር ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም ውኃው በየጉድጓዱ ይተኛል፣ ትንኟ ትፈለፈላለች። በቀን ከሰማንያ በላይ በሽተኛ አይ ነበር። አንድ ቀን ልንዘጋ ስንል አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ገባች። እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው። ልጁ ሦስት ዓመት ይሆነዋል፤ ዓይኑ ተገልብጧል፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል። ደክሞኛል፣ ተበሳጭቻለሁ። «እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር? ልጁ እንዲህ እስኪሆን ድረስ?» ብዬ ጮኽኩባት። በረድፍ የተቀመጡት ሁሉ ሰሙ። እኩያዬ ነበረች። እኔ «አንቺ» እላታለሁ፣ እሷ «እርስዎ» ትለኛለች።

«መንገዱ ነው፣ እትዬ» አለች። ሌላ አልተናገረችም።

ያለንን አደረግን፤ ያለን ክሎሮኪንና እርጥብ ጨርቅ ነበር። ሊነጋጋ ሲል አረፈ። አዝላው ተመለሰች። መዝገቡ ላይ የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ የመጣበትን አገርና «ወባ» ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ በሌላ ቦታ ሌሎች ብዙ ልጆች አይቻለሁ፣ ብዙዎቹም ድነዋል። ይቺኛዋ ግን የምትመጣብኝ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ ሌሊት፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል። የምትመጣው «መንገዱ ነው» ስትል ነው። እኔ ያንን መንገድ አይቼው አላውቅም። በዚያ ክሊኒክ ሁለት ዓመት ስሠራ ከደጁ አልፌ አልሄድኩም፤ ሰው ወደ እኔ ይመጣል እንጂ እኔ ወደ ሰው አልሄድም ነበር። የኮሚዩኒቲ ነርስ ተብዬ።

ረቡዕ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። ክሊኒኩ ወደነበረበት ቦታ በብስክሌት ሄድኩ፤ ቤቱ ፈርሶ ዛሬ እህል ይከመርበታል። ሰዓቴን አየሁ፣ አሥራ ሁለት ተኩል። ከዚያ መዝገቡ ላይ ወደ ጻፍኩት መንደር እየጠየቅኩ ነዳሁ።

ጥር ላይ የደምቢያ ሜዳ ያምራል። ጤፉ ተወቅቷል፣ ሽምብራው ገና እሸት ነው፤ እረኞቹ በእፍኝ እየነቀሉ ሰጡኝ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ የብስክሌት ጎማ የሚገባበት ስንጥቅ ስላለ ዓይንን ከመሬት ማንሳት አይቻልም። ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። አንድ ጊዜ ካቴናው ወጣና ከብት ሲጠብቅ የነበረ ልጅ መልሶ ገጠመልኝ፤ ብስክሌት ከዚያ በፊት ነክቶ አያውቅም፣ አይቶ ብቻ ነው የገባው። ከሐይቁ ዳር ሐምራዊ አበባ ያለው አረም አየሁ። እምቦጭ ይሉታል፤ ያኔ ከመጣ ሁለት ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ታንኳውን አላስኬድ አለ ብለው ያማርሩ ነበር። አበባውን ያየ ሰው ክፉ ነው ብሎ አይጠረጥረውም።

ሁለት ሰዓት ከነዳሁ በኋላ ገደላማ ወንዝ ላይ ደረስኩ። ድልድይ የለውም። ውኃው ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም፣ ዳርና ዳሩ ግን ከሰው ቁመት በላይ ተቦርቡሯል። ብስክሌቴን ለእረኞቹ ሰጥቼ በእግሬ ወርጄ ወጣሁ፤ ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት ሄድኩ። እንግዲህ በደረቅ፣ በብስክሌት፣ ምንም ሳላዝል፣ ሦስት ሰዓት ነው። እሷ የመጣችው በጥቅምት ነው። ዋልካ በጥቅምት ምን እንደሚመስል የደምቢያ ሰው ያውቃል፤ እግር ሲነሳ ሌላ እግር የሚያህል ጭቃ ይነሳል። ያ ወንዝም ሙሉ ነበር ማለት ነው። በየት ተሻገረችው? ማን ያዘላት? እንደኔ ስሌት ልጁ ጠዋት ላይ ትኩሳቱ ሲብስበት ወዲያው ተነስታለች። አልዘገየችም። ምንም አልዘገየችም።

መንደሩ ውስጥ ግራር ሥር ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ አነጋገሩኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁ፣ ውኃ አስመጡልኝ። ነገሩን ነገርኳቸው፤ ጩኸቴን ጭምር።

«እናቱ ማን ትባላለች?» አሉኝ።

«አላውቅም አባቴ።»

«አባቱስ?»

የልጁን ስም ነገርኳቸው። እሱ ብቻ ነው መዝገቡ ላይ የነበረው፣ አባቱን አልጻፍኩም።

ትንሽ አሰቡ። «በዚያ ዓመት በዚህ መንደር ያልቀበረ ቤት የለም እኮ» አሉ። «በዚያ ስም የሚጠራ ሕፃን ሦስትም አራትም ይኖራል። በምን እንፈልግልዎ?»

መልስ አልነበረኝም። ቡና እስኪፈላ ተቀመጥኩ። የመጡት ሴቶች ሁሉ ዕድሜያቸው የኔን ያህል ሲሆን ፊታቸውን አያለሁ። አንዷ እሷ ብትሆን እንኳ እኔ አላውቃትም፤ እሷ ግን ታውቀኝ ይሆናል። ማንም ምንም አላለም።

ሲመልሱኝ በጤና ኬላው በኩል ወሰዱኝ። ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ልጆች አሉ፤ የልጅ ልጆቼ ሊሆኑ ትንሽ ነው የቀራቸው። አንዷ ጣት ወግታ ደም የምትመረምርበትን ኪት አሳየችኝ፤ ውጤቱ በሩብ ሰዓት ይታወቃል፣ ኮአርተሙ እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ። በየቤቱ አጎበር ተሰቅሏል፤ «አንዳንዱ ጤፍ ይጠቀልልበታል» ብላ ሳቀች። እኔ በዲፕሎማ አርባ ዓመት ያልደረስኩበት ቤት እሷ በአንድ ዓመት ሥልጠና በእግሯ ትደርሳለች። «ከባድ ሕመምተኛ ሲመጣስ?» ብዬ ጠየቅኳት። ፈገግታዋ ቀነሰ። «በበጋ በቃሬዛ እናወጣለን። ወንዙ ሲሞላ ግን እኛም እንደማንኛውም ሰው ነን» አለች። አርባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያ ወንዝ አሁንም ድልድይ የለውም። ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ባለሥልጣን ካለ፣ ብስክሌቴን አበድረዋለሁ።

ጎርጎራ ስመለስ መሽቷል፤ እግሬ ፔዳል ላይ መሆኑን አላውቀውም ነበር። የኋላው ጎማ እየተነፈሰ መጥቶ የመጨረሻውን ኪሎ ሜትር እየገፋሁ ነው የጨረስኩት። ያደርኩባት ሴትዮ እግሬን በጨው ውኃ እንድነክር አደረገችኝ፣ ቀረሶም ጠብሳ አበላችኝ።

ሐሙስ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ጣናነሽ ተነሳች። ብስክሌቴ አሁን የታሰረው ከእህል ጆንያ ጋር ነው። ደልጊ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን ታቅፋ ገባችና ከጎኔ ተቀመጠች። ልጁ ጆሮውን እየያዘ ያለቅሳል።

«ስምሽ ማነው?» አልኳት።

ነገረችኝ። የልጁንም፣ የአባቱንም ነገረችኝ። ስንት ሰዓት እንደተነሳች ጠየቅኳት።

«ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» አለች። «ጀልባው እንዳያመልጠኝ።»

ጆሮውን አየሁት፤ መግል ይዟል እንጂ የሚያሰጋ አይደለም። ባሕር ዳር የት እንደምትሄድና ምን እንደምትላቸው በወረቀት ጻፍኩላት፣ ጥላ ያለውን ቦታዬንም ለቀቅኩላት። ልጁ ለቅሶውን ትቶ የብስክሌቴን ጎማ በጣቱ ማሽከርከር ጀመረ። ሲቆምበት ቀና ብሎ ያየኛል፣ እኔ ደግሞ አንዴ እመታለታለሁ፤ ቁንዝላ እስክንደርስ እንዲሁ ነበርን።